የአባባ ተስፋዬ ወንበርና የዲዝኒ መስታወት

ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ እዚሁ ለቡ፣ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ በሩን የከፈተችላት የአምስት ዓመት ልጃችን ነበረች። እናት ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻርፕ እስከ ግንባሯ ተከናንባለች፤ ዓይኗም ከልቅሶ ብዛት አብጧል። ልጅቱ አንድ ጊዜ አየቻት፣ ጮኸች፣ ሮጣም ከሶፋው ጀርባ ተሸሸገች። «እማዬ እኮ ናት» ብላት፣ «አይደለችም፤ ተለውጣለች» አለችኝ። ሻርፑ ወልቆ፣ ፊት ታጥቦ፣ ጥቁሩ ልብስ ተቀይሮ እናትና ልጅ እስኪተቃቀፉ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ያን ሌሊት ሦስታችንም በአንድ አልጋ አደርን።

ነገሩ የተገለጠልን በማግሥቱ ነው። ልጃችን የምትማርበት የሰፈራችን መዋዕለ ሕጻናት (ስሙን ማንሣት አያስፈልገኝም፤ ክሴ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ አይደለምና) የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ «ለልጆቹ መዝናኛ» በሚል ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ሕጻናት ሁሉ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ በፕሮጀክተር ፊልም አሳይቷቸው ኖሯል። ፊልሙ የአሜሪካው ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 በካርቱን ሠርቶት የነበረውንና በ2025 በሕያው ተዋንያን እንደገና ያወጣው «ስኖው ዋይት» ነው። ታሪኩን የዘነጋ አንባቢ ቢኖር፦ መስታወቷን «ከሁሉ የተዋበች ማን ናት?» እያለች የምትጠይቅ ንግሥት የእንጀራ ልጇን በአዳኝ ልታስገድላት ትሞክራለች፤ ልጅቱ ወደ ጫካ አምልጣ ሰባት ድንክዬዎች ዘንድ ትጠለላለች፤ ንግሥቲቱም ራሷን ጥቁር የተከናነበች አሮጊት አድርጋ በመለወጥ የተመረዘ ፖም ይዛ ትመጣለች። እንግዲህ ልጄ በር ላይ ያየችው ማንን እንደ ነበር አሁን ግልጽ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን የልጄ ጩኸት ብቻ አይደለም። ይበልጥ ያስቆጨኝ በወላጆች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሳነሣ የተከተለው ክርክር ነው። ርእሰ መምህርቷ ትሑት ሴት ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። የሰጡኝ መልስ ይህ ነበር፦ «ዶክተር፣ ዲዝኒ እኮ ነው! ደግሞ ፒ.ጂ. ይላል፤ ለልጆች የተፈቀደ ነው።» ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት ተነሥተው ችግሩ ጥንቆላው መሆኑን፣ አስማትና መተት ያለበት ተረት ሁሉ ከትምህርት ቤቱ መውጣት እንደሚገባው አስረዱ። አንዲት እናት ደግሞ የለም፣ ነውሩ እንደ በረዶ የነጣች የተባለችውን ልዕልት ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ያላት ተዋናይት መጫወቷ ነው አሉ። ከኢንተርኔት ያገኙትን የአሜሪካኖች ጠብ እንዳለ ተሸክመው መጡ ማለት ነው። ለሩብ ሰዓት ያህል እኛ የለቡ ወላጆች ስለ ሬቸል ዜግለር የቆዳ ቀለም ተከራከርን። በዚያ አዳራሽ እንደ በረዶ የነጣ አንድም ሰው አለመኖሩን ያስተዋለ አልነበረም።

በበኩሌ ሦስቱም ወገኖች ነገሩን ስተውታል እላለሁ። ከርእሰ መምህርቷ ልጀምር።

ፒ.ጂ. ማለት «ለልጆች የተፈቀደ» ማለት አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1968 በጀመሩት የፊልም ደረጃ አሰጣጥ ለማንኛውም ዕድሜ የሚሆን ፊልም ጂ. ይባላል። ፒ.ጂ. የሚባለው ግን ወላጅ አስቀድሞ ሊያስብበት፣ ሊመራበትም የሚገባ፣ ለትንንሾቹ የማይስማማ ነገር ሊኖርበት የሚችል ፊልም ነው። ቃሉ ለወላጅ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ ሲደርስ የይለፍ ወረቀት ሆነ። ወላጅ ሳይነገረው፣ ሳይጠየቅ፣ አጠገባቸውም ሳይቀመጥ መቶ ሕጻናት ጨለማ ውስጥ የወላጅ ምሪት የሚጠይቅ ፊልም ሲያዩ ምሪቱን ማን ሰጠ? ፕሮጀክተሩ?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው አንድ ነገር አለ። ዲዝኒ የድሮ ካርቱኖቹን እየፈታ በሥጋና በደም መሥራት ከጀመረ ወዲህ ደረጃቸው ተለውጧል። የ1950ው «ሲንደሬላ» ጂ. ነበር፤ የ2015ቱ ፒ.ጂ. ነው። የ1989ኙ «ዘ ሊትል መርሜይድ» ጂ.፣ የ2023ቱ ፒ.ጂ.። የ1991ዱ «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት» ጂ.፣ የ2017ቱ ፒ.ጂ.። «ዘ ላየን ኪንግ» እንኳ፣ ተዋንያን የሌሉበትና በኮምፒውተር የተሠራ ቢሆንም አንበሶቹ እውነተኛ አንበሳ ስለሚመስሉ፣ በ1994 ጂ. የነበረው በ2019 ፒ.ጂ. ሆኗል። ተረቱ ያው ነው፤ ኩባንያው ያው ነው፤ አባት አንበሳ በሁለቱም ይሞታል። በእርግጥ የፊልም ነጋዴዎች ትልልቆቹ ልጆች «የሕጻን ነው» ብለው እንዳይሸሹባቸው ጂ.ን መጥላታቸው ይታወቃል፤ ለውጡን ሁሉ ለሥጋው ለመስጠት አልቸኩልም። ሆኖም ሠሪዎቹ ራሳቸው «ይህኛው ወላጅ ይፈልጋል» ብለው የጻፉበትን ዕቃ እኛ ያለ ወላጅ ማከፋፈላችን ምን ይባላል?

የሥጋው ነገር ቀላል አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጆአን ካንተር ሕጻናት በቴሌቪዥንና በፊልም ስለሚያድርባቸው ፍርሃት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከሥራዎቻቸው አንዱ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ይታይ ስለነበረው «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» የተባለ ተከታታይ ፊልም ነው። ሀልክ ደግ ፍጡር ነው፤ የሚቆጣው ለተበደለ ነው። ለትምህርት ያልደረሱት ሕጻናት ግን እጅግ ይፈሩት ነበር። ከሁሉም ያስፈራቸው ሰላማዊው ሰውዬ ዓይናቸው እያየ ወደ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር የሚለወጥበት ቅጽበት ነበር። ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚፈርደው በመልክ ነው። መልክ ከተለወጠ ሰውዬውም ተለውጧል። ከመልክ በስተጀርባ ያው ሰው አለ የሚለው ማስተዋል የሚመጣው ዘግይቶ ነው። «አይደለችም፤ ተለውጣለች» ያለችኝ ልጅ ሞኝ አልነበረችም፤ በአምስት ዓመቷ ልክ በትክክል እያሰበች ነበር።

ከዚሁ ጥናት የምናገኘው ሁለተኛ ትምህርት አለ። ለትንሽ ልጅ «ውሸት ነው፣ ፊልም ነው» ማለት ብዙም አይረባውም፤ ይህ ማጽናኛ የሚሠራው ለትልልቆቹ ነው። ትንሹን የሚያረጋጋው ሰውነት ነው፦ እቅፍ፣ የተያዘ እጅ፣ የሚጠጣ ነገር፣ የለመደው ብርድ ልብስ። የእኛ አያቶች ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር። ተረት የሚነገረው ከራት በኋላ ጋቢ ውስጥ ተወሽቆ፣ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባ እየተደባበሰ አልነበረምን? ተረቱ ሲያልቅም አፍ በዳቦ ይታበስ ነበር። ጅቡም፣ መድኃኒቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ፊልሙን እኔም ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ሳያዩ መፍረድ ነውር ነውና። ማርክ ዌብ ያዘጋጁት ሥራ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሆነ የሚያስነውር ነገር አላገኘሁበትም። ዘፈኖቹ ደስ ይላሉ፤ እንስሳቱ ያምራሉ፤ ድንክዬዎቹ ግን በኮምፒውተር ተሠርተው ሰውም አሻንጉሊትም ሳይሆኑ ቀርተዋል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ፊልም ነው። አዳኙ ካራ ይዞ ልጅቱን የሚከተልበት፣ በሌሊት ጫካ ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ እጅ የሚሆንበት፣ ከሁሉም በላይ ጋል ጋዶት የምትጫወታት ውብ ንግሥት ወደዚያች አሮጊት የምትለወጥበት ቦታ አለ። ካርቱኑም ይህ ሁሉ ነበረው፤ አልክድም። እንዲያውም የ1937ቱ ካርቱን እንግሊዝ አገር በ1938 ሲደርስ የአገሪቱ የፊልም ሳንሱር ቦርድ ሕጻናት ያለ አዋቂ እንዳይገቡበት የሚያደርገውን «ኤ» የተባለ ደረጃ ሰጥቶት ብዙ አነጋግሯል። «እኛም አይተነው አድገናል፤ ምን ሆንን?» የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ቢያውቁት መልካም ነው። ለሥዕሉ እንኳ አዋቂ አጠገቡ ይቀመጥ ተብሎ ነበር።

ትምህርት ቤቶቻችን ሌላ ማመካኛ አላቸው፦ እንግሊዝኛ ይለምዳሉ። ይህች ነገር በለቡም፣ በጀሞም፣ በቦሌም ወላጅን ዝም የምታሰኝ ቁልፍ ሆናለች፤ የወርኃዊው ክፍያም የሚመነዘረው በእርሷ ነውና። እስቲ በዚያ አዳራሽ የሆነውን እናስበው። የአራት ዓመት የለቡ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚያውቀው ቀለማትን፣ እስከ ሃያ ቁጥርና ሁለት ሦስት መዝሙር ነው። ንግሥቲቱ ስትለወጥ ለማየት ቋንቋ አያስፈልገውም። አዳኙ «ሂጂ፣ አምልጪ» ማለቱን፣ ድንክዬዎቹ ልጅቱን ማጽናናታቸውን፣ መርዙ የሚሽር መሆኑን ለመረዳት ግን ቋንቋ ያስፈልገዋል። የሚያስፈራው ሁሉ በዓይን ገባ፤ የሚያጽናናው ሁሉ በእንግሊዝኛ ቀረ። ልጆቹ የፊልሙን ግማሽ፣ ያውም ክፉውን ግማሽ ብቻ ነው ያዩት። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የተወሰነው ልጅ በማያውቀው ቋንቋ እንደማይማር ስለታወቀ ነው። በማያውቀው ቋንቋ መፍራትን ግን እንዴት እንደሚችልበት አሁን አየን።

አስማት ይውጣ ያሉት አባት ወቀሳቸው ቅን ነው፤ ግን ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው ቢከተሉት የእኛኑ ተረቶች አንድ በአንድ ማስወጣት ሊኖርባቸው ነው። የሀበሻ ተረት ለስላሳ አይደለም። ጅብ አህያ ይበላል፣ እናት ትታለላለች፣ የእንጀራ እናት ትከፋለች፣ ሞኝ ይሞታል። ልጄ ከሁሉ የምትወደው የጅብ ተረት ነው። ከፉሪ ጋራ በኩል እውነተኞቹ ጅቦች በሌሊት ሲጮኹ በመስኮት እየሰማች «አያ ጅቦ መጣ!» ብላ ትስቃለች። ክፉ ነገር ከተረት ይጥፋ የሚል ሰው ልጁ ክፉን የት ሆኖ እንዲለማመደው ነው የሚፈልገው? ብሩኖ ቤተልሃይም፣ ከሞቱ በኋላ ስማቸው በብዙ ነቀፋ ቢነሣም፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፈሪው ተረት ለልጅ እንደሚጠቅም አጥብቀው ተከራክረዋል። እዚያው ላይ ግን የመጽሐፉን ሥዕል እንኳ አልወደዱትም፤ ልጁ የራሱን ጭራቅ በራሱ ልክ እንዳይሥል ያግደዋል ብለው። ሥዕልን የጠሉ ሰው ስለዚህኛው ፊልም ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም። በጆሮ የገባ ጅብ ልጁ የሚችለውን ያህል ጅብ ነው። በመጋረጃ ላይ የመጣችው አሮጊት ግን የዲዝኒ ባለሙያዎች የቻሉትን ያህል አሮጊት ናት።

«ዋናው ታሪክ ተበላሸ» ለሚሉትም አንድ ቃል። ዋና የሚባል የለም። ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት ልጅቱን ልታስገድል የሞከረችው የእንጀራ እናት አልነበረችም፤ የወለደቻት እናቷ ነበረች። ሰው ሲከብደው በ1819ኙ እትም እንጀራ እናት አደረጓት። ንግሥቲቱንም በጋለ የብረት ጫማ እስክትሞት አስጨፍረዋት ነበር፤ ዲዝኒ ይህን በ1937 ተወው። ተረት ነጋሪ ሁሉ እየቀነሰና እየጨመረ ነው የኖረው፤ ስለዚህ ልዕልቲቱን ማን ተጫወታት የሚለው ጠብ ለአምስት ዓመት ልጅ ምኑም አይደለም።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይመልሰኛል። የእኔ ዕድሜ እኩዮች የጎረቤት ቤት ሞልተን፣ መሬት ላይ ተደርድረን፣ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያየናቸው አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ትዝ ይሉኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ አርባ ዓመት ለሚያልፍ ጊዜ የአገሪቱን ልጆች በተረት ያሳደጉ ሰው ናቸው። ምን ነበራቸው? ወንበር፣ ድምፅ፣ ፊታቸው፣ አንድ እጃቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ከፊታቸው ልጆች ተቀምጠዋል፤ ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፣ የልጆቹ ዓይን ሲፈጥ ፈገግ ይላሉ። እኛ ቤታችን ያለነውን አያዩንም፤ ነገር ግን እኛን የመሰሉትን እያዩ ነበር የሚናገሩት፣ ልኩን የሚወስዱትም ከእነርሱ ፊት ነበር። ተረት ነጋሪና ፊልም የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጋሪው ልጁን ያያል፤ ፊልም ግን ልጁን አያይም፤ ያለቀሰችውንም የሳቀውንም ጥሎ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ፊልም የሚከፍት ሰው የነጋሪውን ዓይን ተውሶ አጠገባቸው ሊቀመጥ፣ ሲያስፈልግም ሊያቆመው ግዴታ አለበት።

አባባ ተስፋዬ በ1998 ዓ.ም. በተላለፈ አንድ ተረት ሰበብ ከዚያ ወንበር ተነሡ፤ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ዐረፉ። ስለዚያች ተረት አልከራከርም፤ ስሕተት ሊኖርባት ይችላል። የሚገርመኝ መንግሥታዊው አካል ለአንዲት ተረት ያሳየው ቁጣና ከዚያ ወዲህ በየመዋዕለ ሕጻናቱ ለሚከፈተው ሁሉ ያሳየው ዝምታ አለመመጣጠኑ ነው። ሕግ የለም እንዳይባል በብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999ም፣ እርሱን በተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የሕጻናት ጥበቃ ተጽፏል። ግን የሚጠብቀው አንቴና ያለውን ነው። ከየት እንደ ወረደ በማይታወቅ ቅጂ፣ በፍላሽ መጥቶ፣ በመምህር ላፕቶፕ አዳራሽ ውስጥ የሚታየውን የሚጠይቅ የለም። ሳንሱር ይመለስ ማለቴ እንዳይደለ አደራ! በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ የተሻረውን ሳንሱር ናፋቂ አይደለሁም። እኛ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ እንጂ፦ ወይ ነጋሪውን ማባረር፣ ወይ ልጁን መተው። በመካከል ያለውን፣ ዕድሜን ለይቶ ለወላጅ የመንገርን ትንሽ ሥራ የሚሠራ ጠፋ።

ይህ ሥራ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ቢኖር ብሩክታዊት ጥጋቡንና ባልደረቦቿን ይመልከት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. መባቻ በቴሌቪዥን ሲጀምር፣ አባባ ተስፋዬ ከተነሡ ብዙም ሳይቆይ፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ከጨርቅ የተሠራች ቀጭኔ ነበረች። አሻንጉሊት መሆኗን የሦስት ዓመት ልጅ ያውቃል፤ የምትናገረውም በአማርኛ፣ በኋላም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ነው። በዓለም የታወቁ የሕጻናት ፕሮግራም ሽልማቶችን ያገኘችው በሚሊዮን ዶላሮች መስታወት አይደለም።

እንግዲህ ፍርዴ ምንድን ነው ለሚለኝ፦ የ2025ቱ «ስኖው ዋይት» ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ፣ በተለይም በጨለማ አዳራሽና ያለ ወላጅ፣ አይሆንም። ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በሳሎን፣ መብራት በርቶ፣ አባት ወይም እናት አጠገብ ተቀምጠው በአማርኛ እያስረዱ ቢታይ ቅር አይለኝም። ለታናናሾቹ የግድ ይታይ ከተባለ ካርቱኑ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በእቅፍ ነው። ትምህርት ቤቱንም የጠየቅሁት ሦስት ቀን አስቀድሞ የፊልሙን ስም እንዲያሳውቀን ብቻ ነበር። ልጄ እስካሁን እናቷ ከፀጉር ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ አስቀድማ ድምፅዋን ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትከፍትላት።

ርእሰ መምህርቷ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ትናንት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የፊልም ዝርዝር በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ደረሰን። የመጀመሪያው «ዘ ላየን ኪንግ» ይላል። የ1994ቱ ነው ወይስ የ2019ኙ ብዬ ጠይቄአለሁ፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም።

ቸር እንሰንብት።